እሹሩሩ በአምስት ሜትር ገመድ

«እንደ ግንድ ተገትሬ እሹሩሩ ልበል እንዴ?» አለች ዓለምዬ፣ ያዘለቻትን ልጇን ስጦታን መታ መታ እያደረገች።

የስቱዲዮው ባለቤት ዘመነ ሄድፎኑን አውልቆ ሳቀ። እውነቷን ነው፤ ደባርቅ ውስጥ ቆሞ እሹሩሩ የሚል ሰው ታይቶ አይታወቅም። ዓለምዬ ማይኩን በእጇ ይዛ፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ ሦስት ካልተመለሰች ዜማው እምቢ ይላታል። ችግሩ እሷ በተወዛወዘች ቁጥር ቀረጻው ውስጥ «ክሽ፣ ክሽ» የሚል ድምፅ መግባቱ ነው።

ነገ ማለዳ ዓለምዬ ወደ ጎንደር ትሳፈራለች። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ለሁለት ዓመት ቤይሩት። የዘጠኝ ወሯ ስጦታ ከአያቷ ጋር ትቀራለች። ልጄ ድምፄን እንኳ እንዳትረሳው ብላ ነው ሻንጣዋን ሳትዘጋ እዚህ የመጣችው።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ታናሽ እህቷ እስከዳር ቀና ብላ ማየት አቅቷታል። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ግማሽ ቀን ትማራለች፣ ግማሹን ቀን እዚህ ስቱዲዮ ትውላለች። ዘመነ ተገጣጥሞ ያለቀ የማይክ ገመድ መግዛት ትቶ የገመድ ጥቅሉንና ጫፉ ላይ የሚገጠመውን ጃክ ከጎንደር እያስመጣ እዚሁ ማሠራት ከጀመረ ወዲህ በያጇ እሷ ናት። ቀዩ ሽቦ ከጃኩ አንድ ጥርስ ጋር ይበየዳል፣ ነጩ ከሌላው፣ ዙሪያውን እንደ ሹሩባ የተጠለፈው ራቁት ሽቦ ደግሞ ከሦስተኛው። የብየዳው ሊድ በደንብ ካልቀለጠ ሥራው ለይስሙላ ነው። «ደግሞ እያወዛወዝሽ ፈትሺ» ይላል ዘመነ ሁልጊዜ።

ይህን ገመድ የሠራችው ባለፈው ዓርብ ነው። ጓደኞቿ በር ላይ ቆመው «ነይ እንጂ፣ አታካብጂ!» እያሉ ሲነዘንዟት የሹሩባውን ጫፍ ሊድ አስነክታ ብቻ ተወችው። ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ሞከረችው፤ ሠራ። ዘመነ «አወዛወዝሽው?» ሲላት «እንዴታ!» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

«ማይኩ አርጅቷል» አለ ዘመነ አሁን። «ገመዱማ አዲስ ነው፣ እስኬ የሠራችው። ይቅርታ ዓለምዬ፣ ሌላ ማይክ የለኝም። እስቲ ልጅቷን አውርጂና ሳትንቀሳቀሺ ሞክሪ።»

ዓለምዬ ስጦታን ለእስከዳር ሰጥታ ቆመች። አፏን ከፈተች፣ ግን ምንም አልወጣም። አንድ እጇ ወደ ኋላ ሄዶ ባዶ ጀርባዋን ዳበሰ።

«ይቅር በቃ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

እስከዳር ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ዘመነ ለመጪው በዓል ቀረጻ የድምፅ ማቀላቀያውን፣ ሚክሰሩን፣ ሊያስነካት ቃል ገብቶላታል፤ ክረምቱን ሙሉ ያለመችው ይህንን ነው። ስጦታ ደግሞ ጭኗ ላይ ሆና የሹራቧን ቁልፍ ትጠባለች። እስከዳር ወደ ዘመነ ዞረች።

«ጋሼ፣ ማይኩ አይደለም» አለች። «ገመዱ ነው። ዋሽቼዎት ነው፤ አላወዛወዝኩትም።»

ዘመነ ገመዱን ከማይኩ ነቅሎ ሰጣት። «ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል?» አለ።

«ሩብ ሰዓት።»

«መበየጃውን ሰኪ። ሚክሰሩን ግን ለጊዜው እርሺው።»

ስጦታን ለእናቷ ሰጥታ ጃኩን ፈታች። ሹሩባው ገና ስትነካው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። እንደገና ገመደችው፣ ሊዱ እስኪፈስ ድረስ አሞቀችው፣ የጃኩን ወገብ ገመዱ ላይ ጥርሷን ነክሳ አጠበቀች። ከዚያ ገመዱን ማይኩ ላይ መልሳ ሰካችው፤ በማይኩ በኩል ዓለምዬ፣ በሌላው በኩል እሷ ይዘው እንደ ልጆች የገመድ ዝላይ አሽከረከሩት። ዘመነ ሄድፎኑን አድርጎ አዳመጠና አውራ ጣቱን አነሣ።

ዓለምዬ ልጇን አዘለች። ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ሦስት ተመለሰች።

«ጉሙ ወርዶ ወርዶ ደጁ ቢበርዳት፣
የእናቷ ጀርባ ነው ልጄን የሚያሞቃት።»

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ አውቶቡሱ ከሄደ ቆይቷል፤ አያትየው ወፍጮ ቤት ናቸው። ስጦታ እንቅልፏ መጥቶ ትነጫነጫለች። እስከዳር የእናቷን ቀረጻ በስልኳ ከፈተችላት። ሕፃኗ ድምፁን ስትሰማ ጸጥ አለች፤ ስልኩን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ በሩን አየች፣ እናቷን ስታጣ ከበፊቱ አብልጣ አለቀሰች።

እስከዳር ልታጠፋው ጣቷን ሰደደች። ግን ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተችና የዓለምዬን አንቀልባ ከግድግዳው አወረደች። እንደምንም አዘለቻት። ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ሦስት ተመለሰች። ድምፅዋ እንደ እህቷ አያምርም፤ ግጥሙንም ስላላወቀችው ከኪሷ አንድ ስንኝ እየሰማች ትደግማለች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ «የአክስቷ ጀርባ» ልትል ከጅሏት ነበር። ተወችው።

«የእናቷ ጀርባ ነው» አለች፣ ዓለምዬ እንዳለችው። ስጦታ ጉንጯን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።