ድንች፣ እንጉዳይና የቶማ ሚዛን

«ይህን የጅብ ጥላ ለአራስ ልታበዪ ነው?» ወይዘሮ ሳህሊቱ ከቅርጫቱ አንድ እርምጃ ሸሽተው አማተቡ።

«የሚበላው ዓይነት እንጉዳይ ነው፣ እትዬ» አለች አገርነሽ። «ከኩይሳ ሥር የሚበቅለው። እናቴ ናት ለይታ ያሳየችኝ።»

«እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደግ ሴት ነበረች። እኔ ግን ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ባይ ነኝ። ለአራስ በቅቤ የተጠበሰ ድንች ነው እንጂ!»

የአሥራ አራት ዓመቷ አገርነሽ ከንፈሯን ነከሰች። ወይዘሮ ሳህሊቱ ጎረቤታቸው ናቸው። ባለቤታቸው ሶዶ ከተማ የመንግሥት ጸሐፊ ስለሆኑ የሰፈሩ ሰው ቃላቸውን አያጥፍም። ጓሯቸው ውስጥ የፈረንጅ ድንች ተክለዋል፤ ስስ ስስ አድርገው ቆርጠው መጥበስም ከሚስዮን ወጥ ቤት ተምረዋል። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። ግን እንጉዳዩን ሲያዩ ፊታቸውን ማጨማደዳቸው፣ የሞተችውን እናቷን የናቁባት ያህል አገርነሽን አንገበገባት።

«እንግዲያው ሚዛን ይፍረደን» አለች። «አንድ ሳምንት የእርስዎ ድንች፣ አንድ ሳምንት የእኔ እንጉዳይ።»

ወይዘሮ ሳህሊቱ ሳቁ። «አይ አንቺ ልጅ! ይሁን። ሚዛኑ ላንቺ ከፈረደ አፌን እዘጋለሁ።»

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ታላቅ እህቷ ትርፌ ወንድ ልጅ ከወለደች ወር ሊሞላት ነው፤ ወተቷ ጎድሎ ሕፃኑ ከስቷል። ሐኪም ቤቱ በየሳምንቱ የቆርቆሮ ወተት ይሰጣቸዋል። የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ ኤርካሎ፣ ቁርጡን ነግሯቸዋል። «ወተቱ ትንሽ ነው፤ ጠያቂው ብዙ። ልጁ በሳምንት ሁለት መቶ ግራም ከጨመረ፣ የእናቱ ጡት ይበቃዋል ብለን ድርሻውን ለሌላ ሕፃን እንሰጣለን።»

በመጀመሪያው ሳምንት ትርፌ ከዕለት ቆጮዋ ጋር የተጠበሰ ድንች በላች። ሽታው አገርነሽን ምራቋን አስዋጣት፤ አንድም ፍንካች ግን አልነካችም። ሳምንቱ ሲያልቅ ልጁ መቶ ሠላሳ ግራም ጨመረ።

«ቅቤው ነው» አለ ኤርካሎ ሲጽፍ። «ድንች ኃይል ይሰጣል፤ ቅቤው ሲታከልበት ደግሞ ቶሎ ይታያል። እንጉዳይ አብዛኛው ውሃ ነው። ግን ሰውነት የሚጠግን ነገር ከድንቹ ይልቅ እንጉዳዩ ውስጥ ይበዛል፣ ይላሉ ነርሷ።»

አገርነሽ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነበር። በግንቦቱ ዝናብ በየማለዳው ወደ ኩይሳዎቹ ወጣች። ትንሽ እንኳ የተጠራጠረችውን አልነቀለችም፤ እናቷ «ካልለየሽው ተይው» ትላት ነበር። እያጠበች፣ በጨው እያበሰለች ለእህቷ አቀረበች። ወይዘሮ ሳህሊቱ በየቀኑ ብቅ እያሉ «እስካሁን አልሞተችም?» ይሉ ነበር፣ ግማሹን በቀልድ፣ ግማሹን በፍርሃት።

በአርባኛው ቀን ሕፃኑ ክርስትና ተነሣና ቶማ ተባለ። ክርስትና አባቱ የወይዘሮ ሳህሊቱ ባለቤት ነበሩ። ባልና ሚስቱ ከማተቡ ጋር ወፍራም የብር መስቀል አሰሩለት፤ ለእግሮቹም ጥንድ የብር አልቦ አደረጉለት። በማግስቱ የሚዛን ቀን ነበር።

«ትናንት የተጠመቀ ልጅ ነው» አለች ትርፌ ሐኪም ቤት ሲደርሱ። «ማተቡን ማንም እንዳይነካብኝ!»

ኤርካሎ ማተብ መንካት ምን እንደሚያስከትል ያውቃል፤ የአራስ እናት ቁጣ ቀላል አይደለም። ልጁን እንዳለ ሚዛኑ ላይ አስተኛው። ሁለት መቶ አሥር ግራም ጨምሯል። «ጎበዝ!» አለ፤ ከወተት ዝርዝሩም ላይ የቶማን ስም ሰረዘ። አገርነሽ በደስታ ጮኸች። መንገዱን ሁሉ ወይዘሮ ሳህሊቱን እንዴት እንደምታናድዳቸው እያሰበች ሄደች።

ቤታቸው ደጅ ላይ ልጁን ተቀብላ ስታቅፈው ተወራጨና አልቦው አገጯን መታት። አመማት። አገጯን እያሸች አንዱን አልቦ ከእግሩ አውልቃ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ከበዳት። ሌላኛውንም አወለቀች።

ባለፈው ሳምንት ቶማ ብር አልነበረበትም።

ማንም አላወቀም። ዝም ብትል የእናቷ እንጉዳይ ያሸንፋል፤ የጅብ ጥላ የሚለው አፍም ይዘጋል። ዝም ለማለት በጣም ፈለገች። ቶማ ግን ማልቀስ ጀመረ፤ ያው ጉልበት የሌለው ለቅሶ። ትርፌ ጡቷን ሰጠችው። ትንሽ ጠብቶ ለቀቀና እንደገና አለቀሰ። ከነገ ጀምሮ የቆርቆሮ ወተት የለውም።

«ትርፌ፣ ተነሽ» አለች አገርነሽ። «እንመለስ።»

ኤርካሎ ታሪኩን ሲሰማ ግንባሩን መታ። አልቦዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ቀሪው መስቀሉ ነበር።

«ማተቡ አይወልቅም!» አለች ትርፌ።

«አይወልቅም» አለች አገርነሽ። «እኔ መስቀሉን አንጠልጥዬ እይዘዋለሁ። ማተቡ ከአንገቱ አይወርድም፣ ብሩም ሚዛኑ ላይ አያርፍም።»

ቶማ ተኛ። አገርነሽ መስቀሉን በሁለት ጣቶቿ ከደረቱ ላይ አነሣች። ክሩ እንዳይወጠር፣ መስቀሉም እንዳይወርድ ትንፋሿን ዋጠች። ጣቷን ትንሽ ዝቅ ብታደርግ ሚዛኑ ከፍ ይላል፤ ትርፌ ልጇን፣ ኤርካሎ ሚዛኑን እንጂ እጇን የሚያይ የለም። በሌላ እጇ ክርኗን ደገፈችው።

«መቶ ግራም» አለ ኤርካሎ በዝግታ። «ከድንቹ ያንሳል፣ አገርነሽ።»

«ጻፈው፣ ጋሼ። ስሙንም መልሰው።»

ሲመለሱ ወደ ቤት አልገባችም። በቀጥታ ወይዘሮ ሳህሊቱ ደጅ ሄዳ ቆመች።

«ምነው፣ ልትኮሪብኝ መጣሽ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ተረትቻለሁ፣ እትዬ። ድንችዎ በሠላሳ ግራም በልጧል። ግን ብቻውን እሱም አልበቃም። ከነገ ጀምሮ ድንቹን ከነቅቤው ይስጡኝ፣ እኔ እንጉዳዩን አመጣለሁ። ትርፌ ሁለቱንም ትበላለች።»

ወይዘሮ ሳህሊቱ ገብተው ድንች ይዘው ወጡ። «ያንን ነገር በእጄ አልነካም» አሉ።

«እኔ አለሁ፤ እኔ አበስለዋለሁ» አለች አገርነሽ፤ ድንቹን የምትቀበልበትንም ነጠላዋን ዘረጋች።