የአቶ ገብረየስ የላሜራ በር

«እንደገና ዝጊው፤ ቀስ ብለሽ» አሉ አቶ ገብረየስ ከአዳራሹ የፊት ወንበር።

ሰምሃል ለቀቀችው። በሩ በራሱ ክብደት ሄዶ ጓ ብሎ ተዘጋ። መሃሉ ላይ በቀይ ቀለም «ገብረየስ በርና መስኮት» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ስልክ ቁጥር አለ።

«አያችሁ? አሁን ቴአትር ሆነ።»

የሰፈሩ ልጆች ለቴአትራቸው ድጋፍ ፍለጋ ቦሌ ሚካኤልን ዞረዋል። ባንኩ ካላንደር ሰጠ። ኬክ ቤቱ «እናስብበታለን» አለ፤ እስካሁን እያሰበ ነው። ብየዳ ቤት ያላቸው አቶ ገብረየስ ግን እውነተኛ የላሜራ በር ከነፍሬሙ ሠርተው አመጡ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቴአትሩ በሩ ተዘግቶ ይጠናቀቅ። ክፍት ከሆነ ጽሑፉ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ አይታይም።

ችግሩ፣ ሰምሃልና ጓደኛዋ ሄኒ አምና አብረው በጻፉት መሠረት መጨረሻው ላይ በሩ አይዘጋም። ሰምሃል የምትጫወታት ልጅ እህቷ ከቤት ከወጣች ቆይቷል፤ ሲመሽ በሩን ሳትዘጋ «ትመጣለች» ብላ ደፉ ላይ ትቀመጣለች። በቃ።

ከዚያ የነሄኒ ቤት ፈረሰ፤ ከተማው ዳር፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገቡ። መጀመሪያ ሁለቱ በየቀኑ ይደዋወሉ ነበር። ቆይቶ በየሳምንቱ። አሁን ሄኒ የምትልከው ስቲከር ነው። ትናንት ግን «እመጣለሁ፣ ወንበር ያዢልኝ» የሚል የድምፅ መልእክት ላከች። አምስት ሰከንድ አይሞላም፤ ሰምሃል እንቅልፍ እስኪወስዳት ደጋግማ ሰማችው።

«ጋሼ፣ ባይዘጋስ?» አለች።

«ክፍት በር ማን ይገዛል፣ የኔ ልጅ?»

«እህቷ ስትመጣ እንዳይዘጋባት ነው።»

አቶ ገብረየስ ከልባቸው አሰቡበት። «ቁልፍ ስጧታ! ሦስት ቁልፍ አለው።»

አስተማሪያቸው ትግስት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ሰምዬ፣ እሺ በያቸው። ለከርሞም እንፈልጋቸዋለን።»

«ዝጊውና እንገላገል ባክሽ» አለ አባት ሆኖ የሚጫወተው አብኔዘር። «እኔ ቃለ ተውኔቱን ሳልይዝ ስልካቸውን ሸምድጃለሁ።»

«እሺ» አለች ሰምሃል።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሰምሃል ጃኬት ብቻውን አንድ ወንበር ይዟል። መጀመሪያው ትዕይንት ላይ አየችው። ሁለተኛው ላይም እዚያው ነበር።

መጨረሻው ላይ፣ እጇ በሩን እንደያዘ አውሮፕላን መጣ። ቦሌ ሚካኤል ውስጥ አውሮፕላን እስኪያልፍ ተዋናይ ዝም ይላል፤ በመጀመሪያው ልምምድ የሚማሩት እሱን ነው። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። አቶ ገብረየስ ሊቀርጹ ስልካቸውን ከፍ አደረጉ። አንዲት ዘግይታ የገባች ሴትዮ ጃኬቱን አነሳች፣ ግራ ቀኝ አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ዝጊው» አለ አብኔዘር ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

አውሮፕላኑ አለፈ። ሰምሃል አንድ ጫማዋን አወለቀችና በሩ ሥር ወሸቀችው። በሩ ሊዘጋ ሄደ፤ ጫማው ላይ ቆመ።

«ትመጣለች» አለች።

አቶ ገብረየስ ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰምሃል አንድ እግሯ በካልሲ እንደሆነ ደፉ ላይ ተቀምጣ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቀች።