ሰገንና ስም የሌለው ቅባት

ሰገን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ወረታ፣ ከደብረ ታቦር መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እናቷ ወይዘሮ ይርገዱ በየሳምንቱ ጸጉሯን አጥበው፣ ለጋ ቅቤ ቀብተው ይሠሯታል።

አንድ ሰኞ ከኋላዋ የምትቀመጥ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ «ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ» አለቻት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሰገንም አብራ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አለቀሰ። እናንተስ እንዲህ ሆኖባችሁ አያውቅም?

ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ሰው ሸራ ዘርግቶ ቅባት ሲሸጥ አየች። ብልቃጡ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

«ምን አለበት?» ብላ ጠየቀችው።

«እሱን ምን ታደርጊዋለሽ? ጸጉርሽን እንደ ሐር ያለሰልሰዋል» አላት።

ሰገን ልቧ ጠረጠረ። ቢሆንም ደብተር ልትገዛበት የነበረውን ብር ሰጥታው ይዛ ሄደች።

እናቷ ጓሮ ሩዝ ሲያሰጡ፣ እሷ ጓዳ ገብታ ተቀባች። ወዲያው ራሷን ያቃጥላት ጀመር። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ያን ጊዜ የአራት ዓመቷ እህቷ ሊድያ ገባች።

«እታለም፣ እኔንም ቀቢኝ። አለዚያ ለእማዬ እናገራለሁ።»

ሰገን እንደሚያቃጥል ታውቃለች። ግን እንዳትናገርባት ስትል ከግንባሯ ከፍ አድርጋ ቀባቻት።

ብዙም ሳይቆይ ሊድያ ጩኸቷን አቀለጠችው። እናታቸው እየሮጡ ገቡ።

«ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ። አንድ ነገር ነድፏት ይሆናል» አለች ሰገን፣ ራሷን በሻሽ ሸፍና።

እናቷ አመኗት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው፣ የተነደፈ የመሰላቸውን ቦታ ሊያሹት ሲሉ፣ ሰገን እጃቸውን ያዘች።

«ተይ እማዬ። ዋሽቻለሁ። እኔ ነኝ ይህን የቀባኋት።»

ወይዘሮ ይርገዱ ብልቃጡን አዩ። ወዲያው የሁለቱንም ራስ በብዙ ውኃ አጠቡ። ከዚያ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው።

«ቶሎ መታጠባቸው በጀ» አለች ነገሩን ከእናታቸው የሰማችው ነርስ። «ሽንኩርት ቢታሽበት ኖሮ ቁስሉ ይብስ ነበር።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሰገን ቅባቱን ለምን እንደገዛች ተናግራ ቁጣ ጠብቃ ነበር። እናቷ ግን ትከሻዋን አቀፉ።

«የቅቤው ሽታ እንዳሳፈረሽ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ? ቁስሉ ሲድን ተልባ አፍልተን እንቀባሻለን፤ አይሸትም። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ጥቂት እንሞክረዋለን።»

ከቀናት በኋላ የሊድያ ጸጉር ከግንባሯ በላይ ረገፈ። ሰገን ይህን አየች። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት እህቷ ፊት ተንበረከከች።

«እንዳትናገሪብኝ ብዬ፣ እያወቅሁ አሳመምሁሽ። ይቅር በይኝ።»

ሊድያ የእህቷን ራስ አየችው።

«አንቺንም ያምሻል?»

«ትንሽ።»

ሊድያ ጠጋ ብላ ቁስሉን እፍ እፍ አለችላት።

ልጆቼ፣ ምን እንዳለበት የማናውቀውን ነገር ገላችንን አንቀባ፤ ካጠፋንም ጉዳቱ ሳይብስ እውነቱን እንናገር።