የጎበጠው የሃፍሳ መቁረጫ

ሙእሚን ትምህርት ቤትን በደንብ የሚያውቀው በአጥሩ በኩል ነው፤ ሲዘልበት። ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ሁሉ ያስተማረው የመኪና መሪ ነው። ከአዋሽ ሰመራ በአባዱላው ሲመላለስ ተሳፋሪ ያስቃል፣ ትራፊክ ያስቃል፣ ግመል መንገድ ዘግታ ስትቆም እንኳ «እሜቴ፣ ይለፉ እንጂ!» ይላታል። አልስቅ ያለችው አንድ ሰው ብቻ ነበረች። ሃፍሳ።

ሃፍሳ የባቲ ልጅ ናት። ሰመራ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከልብስ ሰፊዎች የተረፈ ቁርጥራጭ እየገጣጠመች የአልጋ ልብስ ትሰፋለች። የተገናኙት መኪናው ውስጥ ነው። የጨርቅ ከረጢቷን ታቅፋ ጋቢና ተቀመጠች፤ ገዋኔ እስኪደርሱ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ድንገት ዞር ብላ፦

«ሸሚዝህ ሲያልቅ እንዳትጥለው። እፈልገዋለሁ» አለችው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙእሚን ሽማግሌ ሊልክ እያሰበ፣ ሸሚዙን ትፈልግ ወይስ እሱን ግራ ገብቶት ይኖራል።

አንድ ማክሰኞ እህቷ ሀምዳ አዋሽ ላይ ዕቃ ሰጠችው።

«ከጂዳ በስንት ልመና ያስመጣሁት የሃፍሳ መቁረጫ ነው። እሁድ ለምትዳር ሙሽራ የአልጋ ልብስ እንድትሰፋ ታዝዛለች፣ ያለዚህ አይሆንላትም። በአላህ፣ አንድ ነገር እንዳይሆንብህ!»

መቁረጫ ያለችው ጨርቅ አንጥፈው በምላጭ የሚቆርጡበት ወፍራም አረንጓዴ ላስቲክ ነው። ላዩ እንደ ሂሳብ ደብተር በካሬ በካሬ ተሰምሯል።

«እቴ ሀምዳ፣ አብሽሪ! እንደ እንቁላል ነው የምይዘው» አለ ሙእሚን።

እውነትም እንደ እንቁላል ያዘው። እስከ ገዋኔ።

ገዋኔ ለምሳ ሲቆሙ ፀሐዩ ሰው ያነድዳል። መሪው እንዳይግል መስታወቱ ላይ የሚያቆማትን ካርቶን አንዲት ተሳፋሪ ለልጇ ማስተኛ ወስዳታለች። ሙእሚን ግራ ቀኝ አየ። አረንጓዴው ላስቲክ «እኔስ?» ያለው መሰለው። መስታወቱ ላይ አቆመው፤ እንዳይወድቅ ከስፖኪዮው ስር፣ አባቱ የሰጡት የዚክር መቁጠሪያ ሙስበሃ ከተንጠለጠለበት ላይ፣ ጥብቅ አድርጎ ወተፈው።

የፍየል ጥብሱን አጣጥሞ ሲመለስ መቁረጫው እንደ ግመል ኮርቻ ጎብጧል።

ሰመራ ሲደርስ ሃፍሳ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረችው። አንዱን ጫፍ ስትጫን ሌላው ይነሳል። የብረት ማስመሪያዋን ብታሳርፍበት ተንገዳገደ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቄ? እንዲሁ ነው የተሰጠኝ፣ ወላ...» አለና «ሂ»ዋን ዋጣት። ውሸቱ ላይ አላህን መጨመር ከበደው።

ሃፍሳ ጎንበስ አለች። ጣቷን በመቁረጫው ጠርዝ ላይ አንድ ቦታ አሳርፋ፣ እንደሚቆጥር ሰው ቀስ እያለች አስኬደችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። ረጅም አየችው። ሙእሚን እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ትራፊክ ፊትም አጋጥሞት አያውቅም።

«እሺ» አለች።

«እሺ ማለት?»

«እሺ ማለት እሺ ነው። መንገድህን ሂድ።»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ያቺ «እሺ» ተቆጣሁ ናት? ይቅር ናት? ወይስ ከዛሬ ወዲያ በሬን እንዳትረግጥ?

ሐሙስ አዋሽ ላይ ሀምዳን ሲያያት በመኪናው ጀርባ ሊሸሽ ሲል ጠራችው።

«ና እንጂ! ምን ያስሮጥሃል? ሃፍሳ ዕቃው በደህና ደረሰልኝ ብላለች። ተባረክ!»

«በ... በደህና?»

«አዎ። ምነው፣ አልሰጠሃትም እንዴ?»

«ሰጥቻታለሁ!» አለ። ጭራሽ ዞረበት። የጎበጠ ላስቲክ ሰጥቷት በደህና ደረሰ?

ሀምዳ ቀረብ ብላ ድምጿን ቀነሰች። «ስማ። አባታችን ስላንተ ሰምተዋል። ሽማግሌ ልትልክ ማሰብህን ማንም አልደበቃቸውም። ትናንት ደውለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ 'ልጁ ይዋሻል?' አሏት።»

«ምን አለቻቸው?»

«'አባ፣ እስከ እሁድ እነግርሃለሁ' አለች።»

አርብ ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ያን ቀን ተሳፋሪ አላሳቀም። ሎግያ ላይ ጎሚስታው ባህሩ ዘንድ ቆሞ ጉዱን ዘረገፈለት። ጎሚስታ ጎማ ስለሚያቃና ላስቲክም ያውቃል ብሎ ነው።

«ቀላል ነው» አለ ባህሩ። «ፀሐይ የመታው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አስተኛው። ለስለስ ሲል ከባድ ነገር ጫንበት። እስኪቀዘቅዝ እንዳትነካው። ልጅቷን ግን እኔ አላቃናልህም።»

ሙእሚን ከአፍዴራ ከሚመጣ መኪና ላይ ሁለት ጆንያ ጨው ገዛ። ሰመራ ሲገባ አንዱን ተሸክሞ የሃፍሳን በር በትከሻው ገፋ።

በመቀስ እየቆረጠች ነበር። አውራ ጣቷ ውሃ ቋጥሮ በቁራጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሙእሚን መንገድ ሙሉ ያጠናው ቀልድ እዚያው ጠፋው። ጨውን እንደተሸከመ፦

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ያጎበጥኩት። ገዋኔ ላይ መስታወት ጋርጄበት። ዋሽቼሻለሁ። ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ እውነት ነው። ግን መቁረጫውን አቃንቼልሽ ልሂድ።»

ሃፍሳ መቀሱን አስቀመጠች። መቁረጫውን አንስታ ጠርዙን አሳየችው። ላስቲኩ ላይ ትንንሽ ክብ ጎድጓዳዎች በሰልፍ ታትመዋል፤ ልክ እንደ ሙስበሃ ፍሬ።

«ሰላሳ ሦስት» አለች። «ከፊትህ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘውን ያኔ ጋቢና ተቀምጬ እስከ ገዋኔ ስቆጥረው አልነበር?»

ሙእሚን ጨውን አውርዶ ላዩ ላይ ዘፍ አለ። «ማክሰኞውኑ አውቀሻል?»

«ማክሰኞውኑ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን ለሀምዳ በደህና ደረሰ አልሻት?»

«ማወቄን እሷ ነግራህ ብትመጣ፣ አንተ ከራስህ ነገርከኝ አይባልም።»

መቁረጫውን ደጅ፣ ፀሐይ የመታው ሲሚንቶ ላይ አስተኙት። ሲለሰልስ ወደ ጥላው ጎተቱት፣ ሁለቱን ጆንያ ጨው ጫኑበት። ሰመራ ላይ ነገር እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ማለት ደግሞ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪሰገድ መቀመጥ ነው። እሱ በአንዱ ጆንያ፣ እሷ በሌላው ተቀመጡ። እሷ ስፌቷን ያዘች፣ እሱ መርፌ ላይ ክር ሲያስገባ ሦስቴ ተወጋ። ሦስተኛው ላይ ሃፍሳ ሳቀች። ሙእሚን ማን እንደሳቀ ለማየት ዞር ብሎ ፈለገ።

ጆንያዎቹን ሲያነሱ መቁረጫው ተኝቷል። ማስመሪያዋን አሳረፈችበት፤ አልተነቃነቀም። ሙስበሃው ብቻ እንደታተመ ቀርቷል።

ሃፍሳ ስልኳን አነሳች።

«አባ፣ ያ ልጅ... አዎ፣ ይዋሻል።»

ሙእሚን አንዱን ጆንያ አንስቶ ወደ በሩ ዞረ።

«ግን ከአራት ቀን በላይ አይችልም፣ አባ። ከዚያ ጨው ተሸክሞ ይመጣል።»

ከስልኩ ውስጥ የአባቷ ሳቅ ተሰማ። ሃፍሳ ዘግታ ወደ እሱ ዞረች።

«ሽማግሌዎቹ ይምጡ ብለዋል። የራሴንም የአልጋ ልብስ ከሸሚዝህ እጀምራለሁ። እንግዲህ ያኔ ስለ ሸሚዙ ምን ማለቴ እንደነበር ገባህ?»

ሙእሚን ሸሚዙን አየ፣ እሷን አየ።

«አልገባኝም» አለ። እውነቱን ነበር።