ውሉ ይፍረስልኝ ያለው ቀለም ነካሪ

ሟቹ በጎኑ ተኝቶ፣ አንድ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጓል። ላየው ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። መርማሪዋ ስትደርስ በሩና መስኮቱ ተከፋፍተው የጋዙ ሽታ ወጥቶ አልቋል። ቤቱ አንድ ክፍል ሲሆን ማብሰያውን ከመኝታው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ሰውየው ወገቡን ስለሚያመው ፍራሹን ያነጠፈው መሬት ላይ ነበር። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲፈስ መጀመሪያ የሚሞላው መሬቱን ነው።

«ውሃ ጥዶ ተኛ፤ እሳቱ ጠፋ፤ ጋዙ ፈሰሰ። በቃ፣ አደጋ ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

መርማሪዋ ወደ ምድጃው ሄደች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰማችውን ሁሉ ስታነፋው ሐሰቱ እንደ ገለባ ላይ ይቀራል ለማለት ነው። ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት ከፈት አድርጋ አየች። ንጹሕ ውሃ ነው። ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለች፤ አናቷ ከመዘውተር ብዛት ጠቁሯል።

ሚስቱ ጎረቤት ቤት ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት። ከሥራ ስትጠራ እንደወጣች ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አላለቀሰችም። የሚጠይቋትን ሁሉ ስለ ሌላ ሰው እንደተጠየቀች ሆና ትመልሳለች።

«ሲሊንደሩን ጠዋት ዘግቼው ወጣሁ። ሁልጊዜ እዘጋዋለሁ፤ እሱ ጋዙን አይነካም።»

«ለምን እህቴ?»

«አይሸተውማ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ሲነክር አፍንጫው ሞተ። ድስት አርሮ ቤቱ በጭስ ሲሞላ እንኳ ዓይኑን ካላቃጠለው አያውቅም። ሲርበው በኤሌክትሪኩ ነው የሚያሞቀው።»

«ከሰዓት ይተኛል?»

«ለወገቡ የታዘዘለት ኪኒን ያስተኛዋል። ምሳ በልቶ ከዋጠው የሞተ ነው...» ያለችው ነገር ለራሷ ተሰማትና ቆም አለች። «የፋብሪካው ሐኪም ነው ያዘዘለት።»

ሟቹ ፋብሪካውን ከሶ ነበር፤ ነገሩን ጠበቃው አብራራላት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቀለም ነካሪውን ሲያሰናብት የስምምነት ውል አስፈርሞታል። ጥቂት ካሳ ተሰጥቶት፣ ጤነኛ መሆኑንና ከእንግዲህ በፋብሪካው ላይ ምንም እንደማይጠይቅ ፈርሟል።

«የፈረመ ሰው እንዲሁ ተነስቶ ውሉ ይፍረስልኝ ቢል የሚሰማው የለም» አለ ጠበቃው። «ተታሎ መፈረሙን ማስረዳት አለበት። ከመፈረሙ በፊት ሐኪሙ መርምሮ ‹ጉንፋን ነው፣ ይለቅሃል› አለው። አምኖ ፈረመ። አልለቀቀውም።»

«ሐኪሙስ ምን ይላል?»

«ስለ ማሽተት የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ሰውየው ሙሉ ጤነኛ ነው ብሎ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ሰጥቷል። በዚህ ሳምንት ቀርቦ በመሐላ ሊጠየቅ ነበር።»

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መርማሪዋን የተቀበላት ቆሞ ነው።

«አይሸተኝም ማለቱ ለክስ የፈጠረው ነው። ሐኪማችን አረጋግጧል። ያ ሁሉ ጋዝ እየሸተተው ካልተነሳ ሊሞት ፈልጎ ነው ማለት ነው። እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

ውሉ ላይ በምስክርነት የፈረመው የሟቹ ሚዜ ነበር፤ እዚያው ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ነው። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«በሠርጉ ፈረምኩለት፤ በውሉ ፈረምኩበት» አለ መሬት መሬት እያየ። «አይሸተኝም ሲል የጠበቃ ምክር መስሎኝ ነበር፤ እንጀራዬ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ሚስቱ ደውላ ስልክ አያነሳም ስትለኝ ልቤ ፈራ። ክሊኒክ ገብቼ ሐኪሙን በስንት ልመና ይዤው ሄድኩ።»

«ስትደርሱስ? አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።»

«ግቢው በር ላይ ደወሉን ልጫን ስል ሐኪሙ እጄን ቀብ አደረገኝ። ‹ተወው፣ ገፍተን እንግባ› አለ። ገፋን፣ ግቢውን አቋረጥን። የቤቱን በር ስከፍተው ያ ሽታ ፊቴን መታኝ።»

«እስከዚያ ምንም አልሸተተህም?»

«ምንም፣ እትዬ።»

ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ጋዝ ክፉ ነገር ነው» አለ። «ለሚሸተው ሰው እንኳ አደጋ ነው፤ እንኳን ለእሱ።»

መርማሪዋ ቀና አለች። «ለእሱ ሲሉ?»

«ማለቴ... መሬት ላይ ለሚተኛ።»

«ልክ ነው» ብላ ተነሳች።

በማግስቱ አምስቱንም ውሉ በተፈረመበት የፋብሪካው መሰብሰቢያ አዳራሽ አስቀመጠቻቸው። ፖሊሱ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ድስት የተጣደው አደጋ እንዲመስል ነው» አለች። «ሊሞት የፈለገ ሰው ድስት ምን ያደርግለታል? ሟቹ ጋዙን አይነካም፤ ጠዋት የተዘጋውን ሲሊንደር የከፈተው ሌላ ሰው ነው። ሚስቱ ብትሆን ኖሮ፣ እሱ የሚያሞቀው በኤሌክትሪኩ ብቻ መሆኑን ስለምታውቅ ድስቱን ጋዙ ላይ አትጥድም ነበር። ድስቱን የጣደው የቤቱን ልማድ የማያውቅ ሰው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ «እና እኛ ምን አገባን?» አለ።

«እርስዎ ይሸተዋል ብለው ያምናሉ፤ ሚዜውም እንደዚያው። የሚሸተውን ሰው በጋዝ ልግደል የሚል የለም፤ ይነሳበታላ። ገዳዩ እንደማይሸተው እርግጠኛ ነበር። እርግጠኞቹ ሦስት ናቸው። ሚስቱ እንዳልሆነች አይተናል። ጠበቃው ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ችሎት ላይ ነበር፤ አጣርቻለሁ። የቀረው መርምሮት እያወቀ አላውቅም ያለው ነው። ኪኒኑን ያዘዘውም፣ መቼ እንደሚያስተኛው የሚያውቀውም እሱ ነው።»

ሐኪሙ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይህ ግምት ነው።»

«ደወሉስ? የኤሌክትሪክ ደወል ጋዝ በሞላው ቤት ውስጥ ብልጭ ካለ ቤቱ ይፈነዳል። እጁን ለምን ያዙት?»

«ሸተተኛ! እስከ ግቢው በር ይሸት ነበር።»

«ቤቱ ዝግ ነበር። ሚዜው ግቢውን አቋርጦ በሩን እስኪከፍት ድረስ አልሸተተውም፤ እሱ ደግሞ አፍንጫው ደህና ነው። ሸትቶዎት ቢሆን ‹ጋዝ አለ› ብለው ይጮሁ ነበር እንጂ በዝምታ አይገቡም። ያወቁት በአፍንጫዎ አይደለም፤ የከፈቱት እርስዎ ስለሆኑ ነው።»

ሐኪሙ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ምን እንዳገኘሁ ሳትጠይቅ ንጹሕ ወረቀት ስጠኝ ያልከኝ አንተ ነህ። በመሐላ የምጠየቀው ግን እኔ ነኝ፤ እሱ ከሞተ ክሱም የሚቀር መስሎኝ ነበር» አለ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ ለማጽናናት የሚናገር ይመስል፣ ለሚስቲቱ «ተኝቶ ነበር። ምንም አልተሰማውም» አላት።

«አዎ» አለች። «ቢሸተው ይነሳ ነበር።»

ሚዜው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ያለቅስ ጀመር። ሚስቲቱ ሐኪሙ በፖሊስ ተይዞ ሲወጣ እንኳ ቀና አላለችም።

ክሱን ሚስቱ ወራሽ ሆና ቀጠለች። ሚዜው ቀርቦ ያየውን ሁሉ መሰከረ፤ ከመጋዘኑም ተባረረ። የፍርዱ ዕለት ዳኛዋ ብዙ አነበቡ፤ መጨረሻው አጭር ነበር። ስምምነቱ በማታለል የተገኘ ስለሆነ ፈርሷል፤ ተዋዋዮቹ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ።

ጠበቃው እጇን ያዛት። «አሸነፍን፣ እህቴ።»

«ወደነበሩበት አሉ?»

«የሕግ አነጋገር ነው» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ባለጉዳይ ሲጠራ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችለት።