የእኛ ቤት ኩባያ

ሰውአገኝ ክረምቱን ቤታችን መመላለስ የጀመረው ለትምህርት ቤታችን ክበብ የአያቴን ታሪክ በስልኩ ሊቀዳ ነው። እኔ ግን ለእኔ የመጣ መስሎኝ ሹሩባ ተሠራሁ። የክበባችንን ልጅ እስከዳርን አስከትሎ ሲገባ ሹሩባው ራሱ አመመኝ።

አያቴ አያ ወልደኢየሱስ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው የእኛን ሰፈር ሰው ቡዳ ነው እያለ ማንም ልጁን ከእኛ ልጆች ጋር አያስቀምጥም ነበር። ስለዚህ አድገው ዳገቱ ሥር ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በምጣድ ጀርባ ላይ በኖራ ፊደል እየጻፉ የሰፈሩን ልጆች አስተማሩ። ኋላ ባላገሮቹም ልጆቻቸውን ላኩ፣ ከእንስራችን ውሃ እንዳይጠጡ አስጠንቅቀው።

«አንድ ቀን አንዱ ልጅ በእኛ ጣሳ ቀድቶ ጠጣ» አሉ አያቴ። «ለእኔ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ያን ቀን ነው።»

የሰውአገኝ ዓይን እንባ አቀረረ። ወዲያው ውሃ አቀረብኩለት። ከእስከዳር ጋር ተያዩና ሁለቱም «ይቅርብን» አሉ። በማግስቱ በሶ በጠበጥኩ፤ አሁንም ተያዩ።

ያን ዕለት ከሰዓት ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ አየኋቸው። እስከዳር ጠጥታ ያቀበለችውን ኩባያ ሰውአገኝ ጨለጠው። የእሷን ትራፊ ይጠጣል፣ የእኛን ቤት ይጸየፋል።

ጠዋት ሲመጣ በር ላይ ያዝኩት። «አንተም እንደ ድሮዎቹ ቡዳ ትፈራለህ? ትናንት ቁስቋም ደጅ የእሷን ትራፊ ስትጠጣ አይቼሃለሁ።»

«ፍልሰታ እኮ ነው። ከቅዳሴ በፊት አልቀምስም። ጾሜን ደግሞ እያወጅኩ አልዞርም። ያየሽው ጠበል ነው።»

እኔ ቁርሴን በልቼ ጥርሴን እየጎረጎርኩ ነበር።

«ከእሷ ጋር መተያየቱስ?»

«እሷም ጾማለቻ።»

ይሄኛው መልስ አልጣመኝም።

ቅዳሴ ሲወጣ ተመልሶ መጣና ውሃ ጠየቀኝ። የአያቴ እናት በሠሯት የሸክላ ኩባያ ሞልቼ ሰጠሁት። ዓይን ዓይኔን እያየ ግማሹን ጠጣ።

«የቀረው ያንቺ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

እጄን ስዘረጋ እስከዳር ከኋላው ብቅ ብላ እኔንም ጠምቶኛል አለች፤ እጇን ወደ ሸክላዋ ኩባያ ሰደደች። ቀደምኳት። ጓዳ ገብቼ በፕላስቲክ ኩባያ ቀድቼ አመጣሁላት።

አያቴ መደቡ ላይ ሆነው ያያሉ። «ምነው ልጄ፣ ኩባያ መለየት እኛም ጀመርን?»

«አባባ፣ የእሷ ሌላ ነው» አልኩና የሰውአገኝን ትራፊ እስከ ጭላጩ ጠጣሁት።