የዞረው አልጋ

ኦቦ ዓሊዩ ሲሞቱ የደም መቀበያው ከረጢት ባዶ ነበር። ሆዳቸው ግን ውስጥ ለውስጥ በፈሰሰ ደም ተነፍቷል።

አንጀታቸው ታጥፎ ከመሰላ ከተማ መጥተው ጠዋት ነው ኦፕራሲዮን የተደረጉት። ደም ካለ ከሆዳቸው በወጣው ቱቦ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል፣ ሰው አይቶ ይደርስላቸዋል። ቱቦውን ግን አንድ ሰው በብረት መቆንጠጫ ዘግቶታል፤ ብርድ ልብሱ ደግሞ ሸፍኖታል።

ሂርና መንገድ ላይ ወዳለው ማስተማሪያ ሆስፒታል ኢንስፔክተር ሣህሊቱ ስትደርስ፣ ነርሷ ኡምኩልሱም ጋውኗን አስወልቀዋት ታለቅስ ነበር። ከረጢቱን የምትከታተለው እሷ ናት፤ እሷው ገደለች ተብሎ ልትታሰር ነው።

«ባዶ ሳየው እኮ ደስ አለኝ፤ ደም የለም ብዬ። ልባቸው ሲፈጥን ሌላ ኦፕራሲዮን ላይ ለነበረው ዶክተራቸው ነገርኩት፤ ሕመም ነው፣ ማስታገሻ ጨምሪ አለኝ። ወላሂ መቆንጠጫውን አልነካሁም!»

«ብርድ ልብሱንስ አልገለጥሽም?»

«ቁስሉና ቱቦው የዶክተሮቹ ነው።»

ሰመመን ሰጪው ኢዘዲን ትከሻውን ነቀነቀ። «የእኔ ሥራ ማስተኛትና መቀስቀስ ነው። ቀስቅሼ አስረከብኩ።»

ቀዶ ሐኪሙ ወንድምአገኝ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ከተመደበ ገና ወሩ ነው። «ሰፍቼ ጨርሻለሁ። ከረጢቱ የነርሷ ነው» አለ። ኡምኩልሱምን ቀና ብሎ አላያትም።

ሣህሊቱ ዋርዱን ቃኘች። ሌሎቹ አልጋዎች በረድፍ ናቸው። የኦቦ ዓሊዩ አስከሬን ያለበት ብቻ ከረድፉ ወጥቶ ዞሯል፤ የምትጠልቀው ጀምበር በራስጌው በኩል ትገባለች።

«ማነው ያዞረው?»

ሚስትየዋ መይሙና ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች። «እኔ እንጃ ልጄ። በዙሁር፣ በቀትር ሶላት ሰዓት፣ መድኃኒት ግዢ ብለው ልከውኝ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ባሌ ከነቃ ጀምሮ ሶላቴ፣ ሶላቴ ይል ነበር።»

ሣህሊቱ ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ጠራቻቸው።

«ቂብላ፣ የሶላት አቅጣጫው፣ በየት በኩል ነው?»

ኡምኩልሱምና ኢዘዲን እኩል ወደ በሩ ጠቆሙ።

«አያችሁ፣ ሰሜን። ሰውየው ሊሰግዱ ፈለጉ፤ ደሙ ፈስሶ ሶላታቸውን እንዳያበላሽ ተብሎ ቱቦው ተዘጋ፤ አልጋውም ዞረ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብትሆኑ ወደ በሩ ታዞሩት ነበር። የሟቹ ፊት ያለው ግን ወደ ምሥራቅ ነው። እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት ስጸልይ የምቆመው ወደዚያ ነው። አንተስ ዶክተር?»

ወንድምአገኝ የአልጋውን ብረት ያዘ። «ሁሉም ወደ ምሥራቅ የሚጸልይ መስሎኝ... መድኃኒቱ አድክሟቸው ነበር፣ አላረሙኝም። እንደጨረሱ ቱቦውን ልከፍተው ነበር። ለድንገተኛ ኦፕራሲዮን ጠሩኝ፣ ረሳሁት። ሲሞቱ ትዝ አለኝ፤ እሷን ሲይዟት ግን አፌ ተያዘ።»

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት!» አለች ኡምኩልሱም። «ለታመመ ሰው እኮ ደሙ እየፈሰሰም መስገድ ይፈቀድለታል። ባንድ ቃል እነግርህ ነበር።» ቀጥላም ድምጿ ወረደ፦ «እኔስ? ያን ብርድ ልብስ ብገልጠው...»

ኢዘዲን መሬት መሬት አየ። «እኔም መለስ ብዬ አላየኋቸው።»

መይሙና ወደ ሐኪሙ ተጠጋች።

«ሰገደ?»

«ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ እናቴ።»

መይሙና አልጋውን ይዛ ወደ በሩ ልታዞረው ገፋች፤ ከበዳት። ኡምኩልሱም አንዱን ጫፍ ያዘች፣ ኢዘዲን ሌላውን። ወንድምአገኝ መጠጋት ፈርቶ ቆመ።

«ያዝ እንጂ» አለችው መይሙና።